ውሃው የሕዝብ ይሁን ካልን መዝገቡን ማን ያንብብልን? (አዳማ)

የደምበላዋ | ሐሙስ ምሽት

ሰላም የአዳማ ልጆች። ትናንት ቡና ላይ የተነሳ ወሬ ሌሊቱን ሲያብሰለስለኝ ስላደረ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ማክሰኞ ነው ይባላል፣ ሐሙስ ሌሊት ይመጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ የግቢው ቧንቧ ፍስስስ ማለት ይጀምራል። መጀመሪያ አየር ነው። ቀጥሎ እየተንተፋተፈ ቡናማ ውሃ ይተፋል፣ እሱን ለሽንት ቤት በባልዲ እቀበለዋለሁ። ከዚያ ነው የሚጠራው። በርሜል፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ የልጄን መታጠቢያ ሳፋ ሳይቀር እሞላለሁ። 12 ሰዓት ሲሆን ቀጥ ይላል። ሮቶ ያለው ሰው ተኝቶ ይሞላለታል። ሮቶ የሌለን ነን ቁጭ ብለን የምናድረው።

ታዲያ ትናንት አንዷ ጎረቤቴ «ለግል ድርጅት ሰጥተውት ቢገላግሉን ምናለ? ስልኩን አላያችሁም፣ ተፎካካሪ ሲገባ እንዴት እንደተሻሻለ?» አለች። ከአምስታችን ሦስቱ «እውነቷን ነው» አሉ። እኔ መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ሌሊት ባልዲ እየቀየርኩ ነው መልሱ የመጣልኝ።

ስልክና ውሃ አንድ አይደሉም። ሁለት ሲም አንድ ስልክ ውስጥ ይገባል። ሁለት የውሃ መስመር ግን በአንድ መንገድ ሥር ማንም አይቀብርም። ለግል ተሰጠ ማለት ለአንድ ድርጅት ተሰጠ ማለት ነው። ዋጋው ካልተስማማኝ የት እሄዳለሁ? ስልክ ለአንድ ወር ባይኖረኝ እኖራለሁ። ውሃ ለሦስት ቀን ባይኖረኝስ?

ግን ጎረቤቴ የተናገረችው ከምሬት ነው፣ ምሬቷም የኔ ነው። «የሕዝብ ነው» የሚባለው ነገር እኔ ጋ ሲደርስ ምንድን ነው? ፈረቃውን ማን እንደሚያወጣው አላውቅም። ባለፈው ክረምት መንገዳችን ላይ ቧንቧ ፈንድቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈሰሰ። ልጆች ሲንቦጫረቁበት ከረሙ። ለሚመለከተው ክፍል በደወልን ቁጥር «ተመዝግቧል» ነው መልሱ። የት ነው የተመዘገበው? መዝገቡንስ ማን ያየዋል?

እድራችንን ተመልከቱ እስቲ። ዓመቱ ሲያልቅ ገንዘብ ያዡ ብድግ ብሎ ያነባል። ገቢ ይሄን ያህል፣ ወጪ ይሄን ያህል፣ ሰሃን ይሄን ያህል ተሰበረ፣ አንድ የድንኳን ምሰሶ ከእገሌ ለቅሶ አልተመለሰም። አንዴ ስለ ሁለት ጭልፋ ግማሽ ሰዓት ተከራክረናል። ማንም አላፈረም፣ የሁላችን ነዋ! ስለ ጭልፋ እንዲህ የሚጠያየቅ ሰው ስለ ውሃው ለምን ዝም ይላል?

ውሃው የሕዝብ ሆኖ ይቆይ ነው የምለው። ግን መዝገቡ ይነበብልን። እናንተስ?

ነጋዴው ከፍራንኮ | ሐሙስ ምሽት

እህቴ አጻጻፍሽ ልብ ይነካል፣ ግን አልስማማም። ትንሽ ፔንሲዮን አለኝ። እንግዳ ሳሙና ተቀብቶ ውሃ ሲጠፋበት የሚጮኸው እኔ ላይ ነው። ቦቴ አስመጣለሁ። ለቦቴ የማወጣው ከቢሉ ብዙ እጥፍ ነው።

የግል ድርጅት ውሃ ካልሸጠ አይበላም። የመንግሥቱ ሠራተኛ ውሃ መጣም ቀረም ደሞዙ ይገባለታል። ሰው የሚተጋው ሲጎድልበት ነው። እድር ጥሩ ነገር ነው፣ አባቴን የቀበረልኝ እድር ነው። እድር ግን ፓምፕ አይገዛም።

ጡረተኛው ቧንቧ ሠራተኛ | ዓርብ ጠዋት

ልጆቼ፣ 31 ዓመት በውሃ መስመር ላይ ሠርቻለሁ። የት እንደሆነ ይቅር። ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ባለቤቱ ነው፣ እኔ ደግሞ ስለ ቧንቧው ልንገራችሁ።

የአዳማ ውሃ ከአዋሽ ነው የሚመጣው። ከቆቃ ግድብ በታች ይጠለፋል፣ ይጣራል፣ ከዚያ በፓምፕ ሽቅብ ይገፋል። ወንዙ ታች ነው፣ ከተማው ላይ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ውሃም ይጠፋል። ቆቃ ደግሞ ከ1960 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መብራት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ በኩል፣ የሞጆ ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ በኩል እዚያ ይገባል። አንዳንድ ወቅት ሐይቁ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ጣና ላይ የገባው እምቦጭ ብዙዎቻችሁ ከመወለዳችሁ በፊት ቆቃ ላይ ነበር። ላይ ያለው ሰው ባቆሸሸ ቁጥር ታች ያለው የማጣሪያ ወጪው ይጨምራል። የግል ድርጅት ቢመጣ ይሄን ወጪ ከኪሱ አይከፍልልህም ወንድሜ፣ ቢልህ ላይ ነው የሚያመጣው።

አሁን ስለ ፈረቃ። ውሃ ሲዘጋ መስመሩ ባዶ ይሆናል። ባዶ መስመር ደግሞ ይምጋል። በተሰነጠቀበት በኩል የአካባቢውን ጭቃ ወደ ውስጥ ይስባል። ተመልሶ ሲለቀቅ ግፊቱ በአንዴ ይመጣና ደካማውን ቦታ ያፈነዳዋል። ፈረቃ ራሱ ቧንቧ ሰባሪ ነው። ሰው ደግሞ ውሃው አልደርስ ሲለው ዲናሞ ቀጥታ መስመሩ ላይ ይሰካል፣ የጎረቤቱን ድርሻ ይጎትታል። ይሄን የምታደርጉ ካላችሁ እባካችሁ ተዉ።

የደምበላዋ ልጄ፣ ያ ፍስስ የሚለው አየር ቆጣሪሽን እንደሚያዞረው ታውቂያለሽ? አየር ሲያልፍም ይቆጥራል። መስመሩ ላይ ከፍ ያለው ቦታ የአየር መውጫ ቫልቭ ካልተገጠመለት፣ ወይም ተገጥሞ ከተበላሸ፣ የአየር ሂሳብ ትከፍያለሽ። ፍስስታው ሲጀምር ቧንቧውን ዝጊው፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ክፈቺው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ፈረቃ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ ሰው በሌሊት ትልቅ ቁልፍ ተሸክሞ፣ የጉድጓዱን ክዳን አንስቶ፣ ወርዶ የአንዱን ሰፈር ዘግቶ የሌላውን ይከፍታል ማለት ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ያ ሰው ስልክ አለው። «እንግዳ አለብኝ፣ ሰርግ አለብኝ፣ ትንሽ ቆይተህ ዝጋው» የሚል ይደውላል። የሚደውለው ሁልጊዜ ስልኩን የሚያውቅ ሰው ነው። ቦኖ ላይ የምትሰለፍ እናት ስልኬን አታውቅም ነበር።

የደምበላዋ | ዓርብ ጠዋት

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ አየሩ ዛሬ ነው የሰማሁት። የመጨረሻውን ሁለቴ አነበብኩት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ | ዓርብ ከሰዓት

ነጋዴው «የግል ይሁን» ሲል አንድ ነገር ልጠይቀው። ለድሃው እኮ ውሃ የግል ከሆነ ቆየ! የጋሪው ውሃ የግል ነው። ቦቴውም የግል ነው። ሮቶ አስቀምጦ በጀሪካን የሚሸጠው ባለ ግቢም የግል ነው።

ስሌቱን እንሥራው። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ 1,000 ሊትር ነው፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ይሞላል። ጀሪካኑን በ10 ብር ብቻ ገዛን ብንል ኪዩቡ 500 ብር መጣ። ቢላችሁን አውጡና አስተያዩት። በከተማው ውስጥ ውድ ውሃ የሚጠጣው ቧንቧ የሌለው ሰው ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ታሪፉ እርከን አለው። ትንሽ የተጠቀመ በርካሽ፣ ብዙ የተጠቀመ በውድ ይከፍላል፣ ሐሳቡ ድሃውን ለመርዳት ነው። ግን የኪራይ ግቢ ውስጥ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። የስድስቱ ተደምሮ ላይኛው እርከን ላይ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልብስ አጣቢ፣ ቪላ ውስጥ ለብቻው ከሚኖር ሰው በበለጠ ዋጋ ውሃ ትከፍላለች ማለት ነው። አከራይዋ ትርፍ ጨምሮበት ከሆነ ደግሞ አስቡት። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይሄን በክፋት አላደረገውም። የተከራይ ግቢ የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ ስላልነበረ ነው።

ቦኩ ሰፈር | ዓርብ ማታ

እኔ ግን የምለው ከሁለቱም ተላቀን በየሰፈራችን ለምን ጉድጓድ አንቆፍርም? ገንዘብ አዋጥተን፣ እድሩ ያስተዳድረው፣ ቁልፉ እኛው ጋ ይሁን። አለቀ።

ከወንጂ | ዓርብ ማታ

ወንድሜ ቦኩ፣ እባክህ ተጠንቀቅ። እኔ ወንጂ ነው ተወልጄ ያደግሁት። አባቴ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ነው የሠራው። ፋብሪካው በሆላንዶች ሥራ የጀመረው በ1954 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ለሠራተኛው መንደር የተሰጠው ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ፍሎራይድ አለበት። ሲያዩት ጥርት ያለ ነው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕሙ አያስታውቅ።

እኔና እህቶቼ ጥርሳችን በልዟል። ፎቶ ስንነሳ አፋችንን ገጥመን ነው። ይሄ ቀላሉ ነው። ረጅም ዘመን የጠጡት አጥንታቸው ይደርቃል። አባቴ በመጨረሻ ዓመታቱ አንገቱን ማዞር አቅቶት፣ ሰው ከኋላ ሲጠራው መላ ሰውነቱን ነበር የሚያዞረው። የወንጂ የአጥንት ሕመም በሐኪሞች የተጻፈበት፣ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ በስምጥ ሸለቆ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። ማፍላት አያወጣውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀርና ይበረታል።

አዳማ የአዋሽን ውሃ አጣርታ መጠጣቷ ትልቅ ነገር ነው። እድር ይህን ሁሉ በላብራቶሪ አይመረምርም። «የሰፈር ውሃ በሰፈር» ስንል ልጆቻችን ጥርስ ላይ እንዳንፈርድ።

ቦኩ ሰፈር | ዓርብ ማታ

ወንድሜ ይሄን አላውቅም ነበር። አባትህን ነፍስ ይማር። ሐሳቤን ትቻለሁ።

ተማሪ ነኝ | ቅዳሜ ጠዋት

የሌላ አገር ነገር ላምጣ፣ ለትምህርት ብዬ አንብቤው ነበር። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ቦሊቪያ ኮቻባምባ ውስጥ በ1999 ውሃው ለውጭ ድርጅቶች ጥምረት ተሰጠ። ወዲያው ዋጋው አሻቀበ። በ2000 መጀመሪያ ሕዝቡ መንገድ ዘጋ፣ ሰው ሞተ፣ ሚያዝያ ላይ ውሉ ተቀደደ። እዚህ ጋ ታሪኩን የሚያቆሙት ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ውሃው ወደ ሕዝብ ድርጅት ተመለሰ፣ ግን በከተማው ደቡብ ያሉ ድሃ ሰፈሮች ለብዙ ዓመታት ቧንቧ አልደረሳቸውም። የባለቤቱ ስም ተቀየረ፣ ቦቴው ግን ቀጠለ።

ዳሬሰላም በ2003 ለ10 ዓመት ብላ ለግል ድርጅት ሰጠች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ2005 መንግሥት ውሉን አፈረሰው።

ፓሪስ ከ1985 ጀምሮ ለሁለት የግል ድርጅቶች ሰጥታው የነበረውን በ2010 መልሳ ወሰደች። በማግስቱ ዓመት ዋጋውን በ8 በመቶ ቀነሰች። ውሃውን በተረከበው የከተማው ድርጅት ቦርድ ላይ ከከተማው ምክር ቤት ተመራጮች ጎን ሠራተኞችና የተጠቃሚዎች ማኅበራት ይቀመጣሉ። ሀብታም ከተማ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ።

ለእኛ የሚቀርበው ፕኖም ፔን ነው። ካምቦዲያ ከጦርነት ስትወጣ፣ በ1993፣ ከተማው ከሚያመርተው ውሃ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ይፈስ ወይም ይሰረቅ ነበር። ውሃ በቀን ለሰዓታት ብቻ ነው የሚመጣው። የመንግሥት ድርጅቱን ለማንም አልሸጡትም። ለእያንዳንዱ ቤት ቆጣሪ ገጠሙ፣ ባለሥልጣን ይሁን ጄኔራል ያልከፈለውን ቆረጡበት፣ ፍሳሽ አሳድዶ ለሚደፍን ሠራተኛ ጉርሻ ሰጡ፣ ለድሃው አዲስ መስመር ለማስገባት የሚከፈለውን ደጎሙ። ከዓመታት በኋላ ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ወረደ፣ ውሃውም 24 ሰዓት ሆነ። በ2012 ጥቂት አክሲዮን ለገበያ ቢወጣም አብዛኛው ድርሻ ዛሬም የመንግሥት ነው።

ነጋዴው ከፍራንኮ | ቅዳሜ ቀትር

ስለ ካምቦዲያ የጻፍከው አሳመነኝ ማለት ይቻላል። እኔ የፈለግኩት ይሄንኑ ነው። ሠራተኛው ሲሠራ የሚጠቀምበት፣ ሲያጠፋ የሚጠየቅበት ነገር። ይሄ ያለ ሽያጭ ከመጣ ለግል ይሰጥ አልልም።

ግን ጄኔራሉን የሚቆርጥ ሰው ከየት ይመጣል? ያ ሰው ነገ እንዳይባረር ከኋላው ማን ይቆምለታል?

የአርሲ ልጅ | ቅዳሜ ማታ

ነጋዴው ለጠየቀው መልስ ባይሆንም የኔን ልናገር። አገሬ ገጠር ነው። ከምንጭ በቧንቧ የወረደ ውሃ ነበረን፣ የሚያስተዳድረው ዋሽኮ ማለትም የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ። ገንዘብ ያዟ እናቴ ነበረች። ደብተሩን ከእንጀራ ምጣዱ አጠገብ ከግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅላው ነበር፣ ጠርዙ በጭስ ጠቁሯል። የከፈለ ምልክት ይደረግለታል። ያቃተው ካለ ኮሚቴው ተነጋግሮ ይተውለታል። ማን ምን እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ ክርክር የለም። ቦኖው ሰዓቱን ጠብቆ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ለዓመታት አንድ ቀን ሳይቋረጥ ሠራ።

ከዚያ ከምንጩ የሚወርደው ዋና ቧንቧ በናዳ ተበላ። የቧንቧው ዋጋ በኮሚቴው ሣጥን ውስጥ ካለው ብር ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ያጠራቀሙት ብር በኑሮ ውድነት ዋጋ አጥቷል። ወረዳው እስኪደርስ ሰባት ወር እህቶቼ ወንዝ ወረዱ። እናቴ ያንን ደብተር እስከ ዛሬ አስቀምጣዋለች፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም።

የሰፈር ሰው መዝገብ መያዝ ይችልበታል። ናዳ ሲመጣ ግን ከኋላው የመንግሥት አቅም ያስፈልገዋል። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

አዋጅ አንባቢ | ቅዳሜ ማታ

መጠየቅ መብታችን መሆኑን ለሚጠራጠር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹህ ውሃ ለሁሉም እንዲደርስ ይላል። አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ የአገሪቱ ውሃ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ብሎ፣ ለቤት ውስጥ ጥቅም ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሃን ሰብዓዊ መብት ብሎ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2010 ሲያጸድቅ 122 አገሮች ደግፈው 41 ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ኢትዮጵያ ከተአቅቦዎቹ አንዷ ነበረች። ይሄን ሳነብ አዝኛለሁ፣ አልደብቅም።

የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ፈረቃውን ካላወቅን ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። የከተማ ውሃ በቦርድ ነው የሚመራው። ቦርዱ ላይ ተጠቃሚው ይወከል፣ ተወካዩን ደግሞ እድሮች ይምረጡት። ነጋዴው ከኋላው ማን ይቆማል ላለው፣ የመረጡት ሰዎች ይቁሙለት።

ከሀዋሳ | እሑድ ጠዋት

እኛም ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ጀሪካን እንገዛለን። ምን እንደምትወስኑ እየተከታተልኩ ነው፣ እባካችሁ መጨረሻውን ጻፉ።

የደምበላዋ | እሑድ ማታ

ዛሬ የእድር ወርሃዊ ስብሰባ ነበር። ከአጀንዳው በኋላ እጄን አውጥቼ ይሄን ክር ባጭሩ ነገርኳቸው። አንዳንዱ «ይሄ የቀበሌ ጉዳይ ነው» አለ። ሊቀመንበሩ ሰዓት አየ። ከዚያ ግን አንዱ ስለ ፈነዳው ቧንቧ ሲያነሳ ሁሉም ማውራት ጀመረ።

ሦስት ሰው መርጠናል፣ እኔም አለሁበት። ማክሰኞ ሄደን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የፈረቃው ፕሮግራም ተጽፎ ቦኖው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ፍሳሽ ስናመለክት ቁጥር ይሰጠን፣ መቼ እንደተጠገነም ይነገረን። በተከራይ ግቢ ያሉ ቤተሰቦች እርከናቸው በቤተሰብ ቁጥር ይታይላቸው። ለጊዜው ይሄው ነው። የቦርዱን ነገር ከሌሎች እድሮች ጋር ተነጋግረን እንመለስበታለን።

ልንበተን ስንል አንዲት እናት፣ በስብሰባ ላይ ተናግረው የማያውቁ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ጋሼ የጻፉትን አንብቤላቸው ነበርና እኚህ እናት የያዙት እሱን ነው። «ያ በሌሊት ጉድጓድ የሚወርደው ልጅ ማነው? ደሞዙስ ይበቃዋል ወይ?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ማንም አላወቀም። አራተኛ ጥያቄ አድርገን ጻፍነው።

ጡረተኛው ቧንቧ ሠራተኛ | እሑድ ማታ

እኚያን እናት ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። በ31 ዓመት አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።

ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው? የመስመሩን አቀማመጥ የሚያስረዳ ሰው ካስፈለጋችሁ አለሁ።

የደምበላዋ | እሑድ ማታ

2 ሰዓት ተኩል፣ ጋሼ። ቦኖው ጋ እንጠብቅዎታለን።